በግንቦት የተደረበ ብርድ ልብስ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይህችን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት፤ እሳቸውም ደህና ሰው ነህ ብለው አሳርፈውኛል። አሁን ለማላውቅዎ ለእርስዎ የምናገረው ደፍሬ እንዳይመስልዎት። ፊትዎን ስለማላየው ነው።

አንድ ሰው በእኔ ምክንያት ሞቷል። የሞቱን ጥፋት የተሸከመችው ግን ሚስቱ ናት፤ እኔ እያወቅሁ፣ እኔ እያየሁ።

ሥራዬ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ባለ አንድ የተጠባባቂ ጦር ማሰልጠኛ ካምፕ ውስጥ ነበር። ወታደር አልነበርኩም። የካምፑን የግንባታ ዕቅድ የማወጣውና የመብራት ፍጆታውን የምቆጣጠረው ሲቪል ሠራተኛ ነበርኩ። ተጠባባቂዎቹ ገበሬዎች ናቸው፤ እርሻቸውን ትተው ለጥቂት ሳምንት ይሠለጥኑና ይመለሳሉ። የመጡት በግንቦት ነው። ግንቦትን ሸዋ ሮቢት ያሳለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ከሰዓት በኋላ ባጃጅ እንኳ ጥላ ፈልጎ ይቆማል።

የመኝታ ቤቶቹን ዕቅድ ሳወጣ የከሰዓቱ ፀሐይ ረጅሙን ግድግዳ እንዳይመታው አድርጌ ነበር። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስም ነበረው። በወረቀት ላይ ጥሩ ሥራ ነበር። በኋላ ግን ጉብኝት ይመጣል ተባለ። መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ ቤቶቹን እንደ ዕቅዱ ለማቆም ብዙ ሙሌት ይፈልጋል፤ ሙሌት ደግሞ ጊዜ ይበላል። እኔ ቤቶቹን ረጅሙ ግድግዳ ወደ ከሰዓቱ ፀሐይ እንዲሆን አዞርኳቸው። ኮርኒሱንም ለሁለተኛው ዙር ብዬ አስቀረሁት። አለቆቼ ቶሎ ይድረስ አሉ እንጂ አዙረው አላሉኝም። ያዞርኩት እኔ ነኝ። ቤቶቹ ለጉብኝቱ ደረሱ፤ ተጨበጨበልኝ። ሁለተኛው ዙርም እንደ ሁለተኛ ዙር ሁሉ ሳይመጣ ቀረ።

ቤቶቹ ምድጃ ሆኑ። ለማካካሻ ቬንትሌተር ሰቀልንባቸው። ቬንትሌተር ግን መብራት ይበላል። ፍጆታ ይቀነስ የሚል መመሪያ ሲመጣ ከካምፖቹ ሁሉ ቀድሜ መገኘት አማረኝ። አዎ፣ አማረኝ፤ ሌላ የሚያምር ቃል ልፈልግለት አልፈልግም። የቬንትሌተሮቹን መስመር ሁሉ ወደ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ሰበሰብኩና ሳጥኑን ቆለፍኩት፤ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ቀን ቀን ይዘጋል አልኩ። ሰው በቀን አይተኛም የሚል ምክንያትም ነበረኝ። እነዚያ ሰዎች ከማለዳው ልምምድ ደክመው መጥተው እኩለ ቀን ላይ እዚያ ቆርቆሮ ሥር እንደሚጋደሙ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ፍጆታው ወረደ። በስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ ብድግ ብዬ እጅ ነሳሁ።

ሰይድን አውቀዋለሁ። የቀወት ገበሬ ነው፤ ማሽላና ሽንኩርት ያመርታል። በእኔ ዕድሜ ያለ ቀልደኛ ሰው ነበር። ባየኝ ቁጥር ኢንጂነር፣ ስንበስል ታወጣናለህ አይደል እያለ ያሾፍብኝ ነበር። እኔም እስቅ ነበር። ምን ነበር የሚያስቀኝ?

ያን ቀን ለምሳ ከተማ ገባሁ። ገና ከመቀመጤ ስልኬ ጠራ፤ የካምፑ ጥበቃ ነው። ምን ሊለኝ እንደሆነ አውቄዋለሁ። ሠልጣኞቹ ቬንትሌተሩ ይከፈትልን እያሉ ያስቸግሩታል፤ እሱ ደግሞ ቁልፍ የለውም። አላነሳሁትም። ደግሞ ጠራ። ስልኩን በፊቱ ደፋሁትና ጥብሴን በላሁ። ሄጄ ብከፍትላቸው ምን እጎዳ ነበር? በዚያ ወር ፍጆታው በትንሹ ከፍ ይል ነበር። ሌላ ምንም።

ስመለስ ሰዎች ተሯሩጠው ሰይድን ከቤት አውጥተው ከግራሩ ሥር አስተኝተውታል። እኔ ወደ ሰውየው አልሄድኩም። መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሳጥኑ ነው። ከፈትኩ፣ ማብሪያውን ጫንኩ፣ ቬንትሌተሮቹ መዞር መጀመራቸውን በመስኮት አየሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ምን ሆነ ብዬ የደረስኩት። ከዚህ ሁሉ ነገር ይህች አካሄዴ ናት ከእንቅልፌ የምታባንነኝ። ሰው እየሞተ ወደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሄድ እግር ምን ዓይነት እግር ነው?

ሰይድ ገላው ይፋጃል፤ ላብ የሚባል የለውም፤ ይቀባጥራል። በቆላ አገር የሰው ገላ ሲተኩስ ሌላ ስም አይሰጠውም። ጓደኞቹ ወባ ነው አሉ። የካምፑ ነርስም የደም መመርመሪያው አልቆባት ስለነበር ወባ ሳይሆን አይቀርም አለች። ቢሆንም አንድ ነገር ጠርጥራለች መሰለኝ፣ ወደ እኔ ዞረች።

“ቤቱ ታፍኖ ነው እንዴ የዋለው?”

“ኧረ፣ ቬንትሌተሩ ሲዞር ነው የዋለው” አልኳት።

ቀና ብላ በመስኮቱ አየች፤ ይዞራል። ሰይድን ተሸክመው ካወጡት አንዱ ዓይኑን አንስቶ አየኝና መልሶ አቀረቀረ። ኃላፊ ሲናገር ማን ደፍሮ ያርማል? ከዚያ የወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል፣ ሳይበርደው ብለው ብርድ ልብስ አምጥተው ደረቡበት። በግንቦት፣ በዚያ ሰዓት፣ ብርድ ልብስ። እኔ ቆሜ አየሁ።

እግዜር ያሳይዎት፣ እኔ አላወቅሁም ልል አልችልም። ቤቶቹ ሲሠሩ አንድ የቀን ሠራተኛ ቆርቆሮ ሲመታ ፀሐይ አናቱን ብሎት ወድቆ፣ ልብሱን አውልቀን ውሃ ስናፈስበት፣ ስናራግብለት ነፍስ ሲዘራ በዓይኔ አይቻለሁ። ብርድ ልብሱን አንሡለት፣ ውሃ አፍስሱበት ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ይህን ካልኩ ግን ቤቱ ታፍኖ መዋሉን አመንኩ ማለት ነው። ስለዚህ ዝም አልኩ። አምቡላንሱ ሲደርስ ሰይድ አልፏል።

አስከሬኑን ይዤ ወደ ቀወት የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ካምፑን ወክለህ ሂድ ተባልኩ። እናቱ እማማ ሐሊማ ልጄን ምን ገደለብኝ ብለው ጠየቁኝ። ወባ ነው አልኳቸው። ሴትዮዋ አላለቀሱም። ወደ ምራታቸው ወደ ዘይነባ ዞሩና አጎበሩስ አሏት።

የአጎበሩን ነገር ጎረቤቶቹ ናቸው በሹክሹክታ የነገሩኝ። ሰይድ ሲሄድ አጎበሩን ልያዝ ብሏት ኖሯል። እሷ ደግሞ ዶሮ እንዳይጭርባት ብላ የሽንኩርት ችግኙን ሸፍናበታለች። ችግኙ ሲነሳ እልክልሃለሁ ብላ ባዶ እጁን ሸኘችው።

“ልጄን በሽንኩርት ለወጥሽው” አሏት እማማ ሐሊማ። እኔ ከለቀስተኛው መሐል ተቀምጬ ነበር። ሽንኩርቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አላልኩም።

ከዚያ ወዲህ የዘይነባ ኑሮ ምን እንደነበር ልንገርዎት፤ ጥፋቴ እሱ ነውና። ከአማቷ ጋር አንድ ግቢ እየኖረች ሴትዮዋ ከእጇ አይበሉም። የሠርግ ዝግጅት ሲኖር ማንም ነይ አግዢን አይላትም። ትዳር የጠየቃት ሰው ነበር፤ ዘመዶቹ ባሏን በእጇ ያስበላች ብለው አስተዉት። የሷ ጥፋት አለመሆኑን የሚያውቅ ከአላህ በታች አንድ ሰው ነው፤ እሱም ሸዋ ሮቢት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል። ካምፑን ከለቀቅሁ በኋላ ሱቅ ከፍቻለሁ። ቬንትሌተርም እሸጣለሁ። ይሳቁ፣ ደስ ካለዎት።

ዘይነባ ለገበያ ስትመጣ ሱቄ ጎራ ትላለች። አስከሬኑን ሜዳ ሳይጥል ያመጣልን ብላ ታከብረኛለች፤ ማሽላ እሸት ሁሉ ታመጣልኛለች። ድምጿን ከውጭ ስሰማ የያዝኩትን ዕቃ ማስቀመጫ አጣለሁ። አንድ ቀን ደንበኛ እስኪወጣ ጠበቀችና ቀረብ አለችኝ።

“ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ካምፑ ውስጥ ትንኝ ነበረ?”

ይህን ጥያቄ ስንት ዘመን ይዛው እንደኖረች ከፊቷ አየሁት። የለም የምትል ቃል ብቻ ነበር የምትፈልገው። ቢያንስ እንጃ ማለት እችል ነበር። ትንኝ ከሌለ ግን ወባው ከየት መጣ ትላለች፣ ከዚያ ሌላ ትጠይቃለች፣ ከዚያም የኔ ጉድ ይመዘዛል። ይህን ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ እስክገልጥ አሰላሁት።

“ነበረ” አልኳት።

“እንግዲያው እኔ ነኛ” አለችና አመስግናኝ ወጣች።

የመጀመሪያው ውሸቴ ከፍርሃት የመጣ ነው ልበል። ይህኛውን ምን ልበለው? አለቃ አልነበረብኝም፣ ሥራም አልነበረብኝም። ራሴን ብቻ ነው ያዳንኩት።

በቅርቡ እማማ ሐሊማ ታመው አልጋ ያዙ። እኔንም አስጠሩኝ። በእነሱ ዘንድ ሰው መሄጃው ሲቃረብ ከሰው ሁሉ ጋር አፉ ይባባላል፤ የበደለም የተበደለም ይቅር ይባባላል። ስሄድ መንገዱን ሁሉ ጉዴን ሊያወጡት ነው፣ ሰምተዋል እያልኩ ነበር። እሳቸው ግን እጄን ይዘው መረቁኝ። ልጄን ለአፈሩ አበቃህልኝ፣ አላህ ውለታህን ይክፈልህ አሉኝ። ከዚያ ዘይነባን ጥሩልኝ አሉ።

“በልጄ ነገር አፉ ብዬሻለሁ” አሏት። “አላህም አፉ ይበልሽ።”

ዘይነባ ወደቀችና እግራቸውን ይዛ አለቀሰች። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። አፉ በሉኝ እማ፣ አፉ በሉኝ ትላለች፤ ባልሠራችው ጥፋት። ለእኔ የሚገባው ይቅርታ በዓይኔ ፊት ለእሷ ሲሰጥ አየሁ። አፌን ከፍቼ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ከፍቼ ነበር። ያን ጊዜ ሼሁ ዱዓ ጀመሩ፤ ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ። እኔም ዘረጋሁ፣ እኔም አሜን አልኩ።

ሴትዮዋ ከጥቂት ቀን በኋላ አረፉ። አሁን ለራሴ የምነግረው አዲስ ነገር አግኝቻለሁ፤ ዘይነባ ይቅር ተብላለች፣ ልቧ አርፏል፣ ለምን ትቀሰቅሰዋለህ እላለሁ። እርስዎም እንዲህ ሊሉኝ ይችሉ ይሆናል። እባክዎ አይበሉኝ። ይህም ስልኩን በፊቱ እንደመድፋት ነው።

ነገ የገበያ ቀን ነው፤ ትመጣለች። እነግራታለሁ ብዬ አልፎክርልዎትም፤ ፎክሬ ፎክሬ ስንት ገበያ አልፏል። ከእርስዎም ይቅርታ አልጠይቅም፤ ምን አደረግኩዎትና። ዘይነባ ባሌን የገደልኩት እኔ ነኝ ብላ ታምናለች። ያሳመንኳት እኔ ነኝ።