የሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቁጥሩ ሰውዬ

ቬርና ስታሼክ የኦልደርብሩክ ባቡር ጣቢያ ተሳፋሪዎችን የምታውቃቸው በስም ሳይሆን በቁጥር ነበር። ሰባ ሦስት ማለት ፀጉሯ ሳይደርቅ እየሮጠች የምትደርሰው ጠበቃ ናት። መቶ አርባ፣ ሲጋራውን ሳይጨርስ ከመኪናው የማይወርደው ወፍራም ሰውዬ ነው። ዘጠና አንድ ደግሞ በየዓመቱ መኪና የሚቀይር፣ ግን ለማቆሚያ አንድ ዶላር ከሃምሳ ክፈል ሲባል ነፍሱ የምትወጣ ወጣት ነው። ቬርና በዚያ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተመላልሳለች። ከቺካጎ በባቡር ሃምሳ ደቂቃ በምትርቀው በዚያች ከተማ ማን ሥራ እንዳገኘ፣ ማን እንደተባረረ፣ ማን ከሚስቱ እንደተጣላ ከመኪናው አቋቋም ታውቅ ነበር።

ሥራዋ ለሚያየው ቀላል ነው። ከባቡሩ መሳፈሪያ አጠገብ ቁም ሣጥን የሚያህል የብረት ሣጥን ቆሟል። ፊቱ ላይ ጠባብ ጠባብ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል፤ በየቀዳዳው ሥር ቁጥር አለ። መኪናውን ያቆመ ሰው መሬቱ ላይ በቢጫ ቀለም የተጻፈውን ቁጥር አይቶ፣ ዶላሩን አጣጥፎ በዚያው ቁጥር ቀዳዳ ይከታል። ወረቀቱ አልገባ ካለው በሰንሰለት በተንጠለጠለች ስስ ብረት ይገፋዋል። የጠዋቱ የመጨረሻ ባቡር ሲሄድ ቬርና ሣጥኑን ከፍታ ባዶ የሆኑትን ቀዳዳዎች ትመዘግባለች። ከዚያ በመኪናዎቹ መሀል እየዞረች፣ ላልከፈለው ሁሉ የሃያ አምስት ዶላር የቅጣት ወረቀት ከመስታወት መጥረጊያው ሥር ትሸጉጥለታለች። በረዶ ሲጥል ቁጥሩ ስለማይታይ ሰው በግምት ይከፍላል፤ የአንዱ ዶላር በሌላው ቀዳዳ ይገኛል፤ ስድቡ ግን ዞሮ ዞሮ እሷ ላይ ይወርዳል።

ከዚህ በፊት የስልክ ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ነበረች። ፋብሪካው ሲዘጋ ባሏ ሬይ «ቀድሜ ሄጄ ሥራ ላፈላልግ፣ እልክብሻለሁ» ብሎ ወደ አሪዞና ሄደ። የላከው ግን የፍቺ ወረቀት ነበር። አንዲት ልጇ ኦሪገን አግብታ ትኖራለች፤ ለቬርና ልደትና ለገና ትደውላለች። የቀረው የቬርና ኑሮ ያ ሜዳ ነው፤ እዚያም የሚወዳት አልነበረም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሌላ ሥራ የለሽም?» አላት አንድ ቀን ዘጠና አንድ፣ ወረቀቱን ስትጽፍ ደርሶባት።

«ይኼው ነው ሥራዬ።»

«አምስት ደቂቃ ብዘገይ ነው? ልከፍል እየመጣሁ እኮ ነው!»

«የአምስት ደቂቃ ሳይሆን የአምስት ሰዓት ነው። ምሳ ሰዓት ደርሷል።»

«እናትሽ ለዚህ ነው ያሳደገችሽ?»

«እናቴ ያሳደገችኝ ዕዳዬን እንድከፍል ነው» ብላ ወረቀቱን ሰጠችውና አለፈች። ቤቷ ስትገባ ግን እራት አልበላ አላት።

ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ግን ከሌሎቹ የተለየ ነበር። ሚስተር ሆቫት ይባላል፤ ስሙን የምታውቀው ራሱ ስለነገራት ነው። ቺካጎ በአንድ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ የኖረ፣ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው ቀጭን ሰው ነው። ሁልጊዜ ከሁሉም ቀድሞ ይመጣል። ዶላሩን ቴምብር እስኪያህል አጥፎ፣ ሁለቱን የሃያ አምስት ሳንቲሞች መሀሉ ጠቅልሎ ነው የሚከተው። ባቡሩ እስኪመጣ ከእሷ ጋር ይጫወታል።

«እህስ ቬርና፣ ትናንት ስንት ሰው አስለቀስሽ?»

«አሥራ አራት። አንዱማ የእውነቱን ነው ያለቀሰው።»

«ጠበቃዋ ናት?»

«ጠበቃ መቼ ያለቅሳል? ያስለቅሳል እንጂ!»

ሳል እስኪያፍነው ይስቃል። በረዶ ሲጥል የራሱን ብቻ ሳይሆን የግራና የቀኝ ጎረቤቶቹንም ቁጥር በጫማው እየጠረገ ይገልጥላታል። አንድ ማለዳ የጓንቷ ጣቶች ተቀደው ቢያይ፣ በማግስቱ ሰማያዊ የሱፍ ጓንት ይዞላት መጣ። «ኢርማ ሹራብ መሥራቷን አልተው ብላኛለች። ቤቱ ሞልቶ እኛው ልንወጣ ነው። እባክሽ ውሰጂልኝ» አላት። ኢርማ ሚስቱ ናት።

አንድ የመስከረም ጠዋት ሚስተር ሆቫት መክፈሉን ረስቶ ተሳፈረ። ቬርና ባዶውን ቀዳዳ አየች፤ ከኪሷ አንድ ዶላር ከሃምሳ አውጥታ ከተተችና አለፈች። ይህን ያየው ባቡር አምልጦት የቀረው ዘጠና አንድ ነበር። ለማዘጋጃ ቤቱ ክስ ጻፈ። አለቃዋ ሪንከር፣ በዕድሜ ልጇ የሚሆን፣ ቢሮው ጠርቶ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጣት።

«ሰው መርጠሽ ታልፊያለሽ ተብሏል።»

«ከኪሴ ነው የከፈልኩት!»

«ይባስ! ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ብሰማ ጡረታሽን ሳታይ ነው የምትሄጂው።»

ይህ በሆነ በአራተኛው ወር፣ ጥር ላይ፣ ማክሰኞ ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ሲጥል አደረ። ረቡዕ ንጋት ቬርና ስትደርስ የሚስተር ሆቫት ግራጫ መኪና በቦታው ቆሟል፤ ጣሪያው ላይ ግን በረዶው አንድ ክንድ ያህል ተከምሯል። አድሮ ነው ማለት ነው። ባቡሩ ዘግይቶበት ከተማ አደረ ይሆናል ብላ አሰበች። በረዶው የማታውን ባቡሮች እንዳስተጓጎለ በሬዲዮ ሰምታለች። ሣጥኑን ስትከፍት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ባዶ ነው። እጇ ወደ ኪሷ ሄደ፤ ደብዳቤው ትዝ ሲላት ተመለሰ። ጻፈች። በረዶውን በክንዷ ጠርጋ ወረቀቱን ሸጎጠችው።

ሐሙስም መኪናው አልተንቀሳቀሰም። ሁለተኛውን ወረቀት ጻፈችና ለሪንከር ደወለች።

«የሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ መኪና ከማክሰኞ ጀምሮ አልተነሳም። ሰውዬውን አውቀዋለሁ። አንድ ነገር ሆኗል።»

«ጉንፋን ይዞት ይሆናላ።»

«ጉንፋን የያዘው ሰው መኪናውን ጥሎ በእግሩ ቤቱ ይገባል? በሰሌዳው አድራሻውን አውጣልኝና ልደውልለት።»

«አድራሻ የሚያወጣው ፖሊስ ነው። ደግሞ ይኼ ያን ጊዜ የከፈልሽለት ሰውዬ አይደለም እንዴ?»

ሪንከር መልሷን ሳይጠብቅ ቀጠለ።

«ሦስተኛ ወረቀት ሲሞላ ይጎተታል፣ አለቀ። ሕጉን እኔ አልጻፍኩትም፤ አንቺም አልጻፍሽውም።»

ፖሊስ ጣቢያው ከማዘጋጃ ቤቱ ጎን ነው፤ በእግር ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ቬርና ከሥራ ስትወጣ በደጁ አለፈች። መብራቱ በርቷል፣ አንዲት ፖሊስ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ነገ ቢመጣስ፣ በሰው ጉዳይ ነገር አበዛሁ ማለት ነው፣ አለች በልቧ። አልገባችም።

ዓርብ ሦስተኛውን ጻፈች። አምስት ሰዓት ላይ መኪና ጎታቹ መጣ። የመኪናውን አፍንጫ በሰንሰለት አንስቶ «እዚህ ጋ ፈርሚልኝ» አላት። ፈረመች። መኪናው ቆሞበት የነበረው ቦታ ከበረዶው መሀል እንደ መቃብር ጉድጓድ ጥቁር ሆኖ ቀረ።

ሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት ጥቁር ካፖርት የለበሱ አሮጊት ከታክሲ ወረዱ። የመኪና ቁልፍ በእጃቸው ይዘው በረድፎቹ መሀል ቀስ እያሉ ይመለከታሉ፤ ቁልፉን ደግመው ደጋግመው ይጫናሉ፤ የሚጮኽላቸው መኪና የለም። ቬርና ገና ስታያቸው የሣጥኑን በር ዘግታ ቀረበቻቸው።

«ምን ላግዝዎት?»

«የባለቤቴ መኪና። ግራጫ ናት። እኔ አልነዳም፣ ታርጋዋንም በቃሌ አላውቀው። የእህቴ ልጅ መጥቶ ይወስዳታል ብዬ ያለችበትን ላይ ነበር።»

«ሚስስ ሆቫት ነዎት?»

ሴትዮዋ ቀና አሉ። ዓይናቸው ግን የሄደው ወደ ቬርና ፊት ሳይሆን ወደ እጇ ነበር።

«ይኼን ጓንት እኔ ነኝ የሠራሁት» አሉ።

«አዎ። እሳቸው ናቸው የሰጡኝ። ሚስስ ሆቫት፣ ሚስተር ሆቫት ደኅና ናቸው?»

«ማክሰኞ ማታ ሞተ። ከሥራ ሲመለስ፣ ባቡሩ ውስጥ። መስኮቱን ተደግፎ የተኛ መስሏቸው ዝም ብለውት በኦልደርብሩክ አልፏል። መጨረሻው ጣቢያ ሲደርሱ ትኬት ቆራጩ ሊቀሰቅሰው ሲነካው ነው ያወቀው። ዓርብ ጠዋት ቀበርነው። መኪናዋ የታወሰችኝ ገና ትናንት ነው።»

ቬርና ዓርብ ጠዋት ምን ስትሠራ እንደነበር መጣባት።

«የት ናት መኪናዋ?» አሉ ኢርማ።

«ተጎትታለች።»

«ለምን?»

«ሦስት የቅጣት ወረቀት ስለነበረባት።»

«ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

ኢርማ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻላት ነበር። «አንቺ ቬርና ነሽ አይደል? በየቀኑ እራት ላይ ስላንቺ ያወራ ነበር። ቬርና እንዲህ አለች፣ ቬርና እንዲህ አደረገች ሲል አንዳንዴ እናደድ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሲቀር አንድ ሰው እንኳን አልጠየቅሽም?»

«ጠይቄ ነበር። ግን የሚገባውን ያህል አልጠየቅኩም።»

ቬርና ከከተማ ክልል ማውጣት የተከለከለውን የማዘጋጃ ቤቱን ትንሽ መኪና አስነስታ፣ ኢርማን ከሀይዌዩ ማዶ ወደ ተጎተቱ መኪናዎች ግቢ ወሰደቻቸው። መንገዱን ሙሉ ኢርማ በመስኮት ወደ ውጭ ሲያዩ ሄዱ። ከመስታወት ጀርባ የተቀመጠው ሰውዬ ሳንድዊቹን እያኘከ ወረቀቱን አገላበጠ።

«ሁለት መቶ አርባ። የቅጣቱ ለብቻው ነው።»

«ባለቤቱ ሞተዋል» አለች ቬርና።

«ነፍስ ይማር። በቀን ሠላሳ ይጨመርበታል፤ ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራል።»

ቬርና የባንክ ካርዷን አወጣች። ኢርማ እጇን ያዙት።

«መልሺው። ያደረግሽው እንዲህ በቀላሉ አይለቅሽም» አሏት። ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞረው፣ «መኪናዋን አልፈልጋትም። ውስጧ ያለውን ዕቃውን ብቻ ልውሰድ» አሉ።

ዕቃው ብዙ አልነበረም። የማንበቢያ መነጽር፣ ማበጠሪያ፣ የኋላ ወንበር ላይ የተጣለ ኮፍያ። ከመሪው ጎን ካለው ኪስ ውስጥ ደግሞ ትንሽ የጨርቅ ቦርሳ ወጣች። ኢርማ ከፈቷት። ቴምብር የሚያህሉ ሦስት የታጠፉ ዶላሮች፣ በየመሀላቸው ሳንቲም የተጠቀለለባቸው።

«እሑድ እሑድ ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ የሳምንቱን በአንዴ ያጥፍ ነበር» አሉ ኢርማ። «የሰኞና የማክሰኞውን ከፍሏል።» የቀሩትን አንድ በአንድ ቬርና መዳፍ ላይ አስቀመጡ። «የረቡዕ። የሐሙስ። የዓርብ። በሉ፣ የሚገባችሁን ውሰዱ።»



በማግስቱ ሦስቱንም በሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቀዳዳ ከተተቻቸው። የምታደርገው ሌላ ነገር አልታወቃትም። ረፋድ ላይ ሣጥኑን ከፍታ ከሌላው ጋር ቆጥራ ለማዘጋጃ ቤት አስረከበች። ትርፍ ለምን መጣ ብሎ የጠየቀ የለም።

ቅጣቱን ለማሰረዝ ሪንከር የሞት ማስረጃ ካልመጣ አይሆንም አለ። ባለቤቷን የቀበረች ሴት ወረቀት በፖስታ እንድትልክ ተደረገ። ሁለት ወር ፈጅቶ ሦስቱም ተሰረዙ። የጎታቹን ግን የከፈለ ስላልነበረ መኪናዋ በሐራጅ ተሸጠች። ቬርና የመንግሥት መኪና ከክልል በማውጣቷ አምስት ቀን ያለ ደመወዝ ታገደች። ሪንከር ደብዳቤውን ሲሰጣት «ሰው መምረጥ አልተውሽም» አላት።

«አልመረጥኩም» አለችው። «ብመርጥ ኖሮ ሐሙስ ዕለት ፖሊስ ጋ እገባ ነበር።»

ሪንከር ያለችው አልገባውም፤ እሷም ለማስረዳት አልሞከረችም።

በሰኔ ሠራተኞች መጥተው የብረቱን ሣጥን ከሥሩ ነቀሉት። ከዚያ ወዲህ ሰው በስልኩ ነው የሚከፍለው፤ ካሜራ የተገጠመላት መኪና በቀን አንዴ እየዞረች ታርጋ ታነባለች። የቬርና የሥራ መደብ ተሰረዘ። ሙሉ ጡረታ ለማግኘት ሰባት ወር ቀርቷት ነበር። በስንት መለመን አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሥጋና አይብ የምትቆርጥበት ቦታ አገኘች። ቅዝቃዜው ለጉልበቷ ባይስማማም የምትመርጠው አልነበራትም።

ነሐሴ ውስጥ አንድ እሑድ ጠዋት ስልኩን አንስታ፣ ከሞት ማስረጃው ጋር በመጣው ደብዳቤ ላይ ባየችው ቁጥር ወደ ሆቫት ቤት ደወለች። ያነሳችው ሌላ ሴት ናት። ኢርማ ቤቱን ሸጠው አዮዋ እህታቸው ዘንድ ሊሄዱ ዕቃ እያሸጉ እንደሆነ፣ እሷም እህታቸው እንደሆነች ነገረቻት።

«ማን ልበላት?»

«ቬርና በያት። ከባቡር ጣቢያው።»

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማት። የእግር ኮቴ ራቀ። ፕላስተር ከካርቶን ላይ ሲሳብ፣ ከዚያ ሁለት ሴቶች ዝቅ ባለ ድምፅ ሲነጋገሩ ሰማች። ኮቴው ተመለሰ።

«አሁን ሥራ ላይ ነች» አለች እህትየው። ትንሽ ቆይታም፣ «ባትደውዪ ይሻላል» አለች።

«እሺ» አለች ቬርና። «እሺ፣ አመሰግናለሁ።»

ስልኩን አስቀመጠች። ከዚያ ስድስት ሰዓት ተረኛ ስለነበረች ነጩን ሽርጧን መተኮስ ጀመረች።