የኡኬው ወፍጮ የተሰነጠቀ ዕለት

ባለፈው ሰሞን ከኡኬ ወደ ነቀምቴ ስመለስ የሚኒባሳችን ሞተር ዳገቱ ላይ ፈላና ቆምን። ሾፌሩ ውሃ የሞላ ጀሪካን አውርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አንዲት የቸኮሉ ሴትዮ፣ «ውሃው እያለ ምን ታስጠብቀናለህ?» አሉት።

«ሀርሜ፣ እናቴ፣ ሳይበርድ አይነካም» አላቸው።

ወንድሜ ገመቹ ትዝ አለኝ።

ልጃገረድ ሳለሁ አባቴ ኡኬ ላይ የናፍጣ ወፍጮ ነበረው። ነቀምቴ ጋራዥ ሠርቶ የተመለሰው ታላቅ ወንድሜ ሞተሩን ይይዛል፣ እኔ እህል እመዝናለሁ። በቆሎ ሲደርስ ግቢው በሴትና በአህያ ይሞላል፤ የአገሩ ወሬ ሁሉ አብሮ የሚፈጨው እዚያው ነበር። የትኩስ ዱቄት ሽታ ከፀጉሬ አይለቅም ነበር።

አንድ የገበያ ዋዜማ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ቱቦው ተደፍኖ ቆመ። ስንደርስበት ብረቱ ግሎ እጅ አያስጠጋም። ገመቹ ወዲያው አጠፋው። አባቴ ግን የሰው እህል ሳይፈጭ መመለስ እንደ ውርደት ይታየው ነበርና ባልዲ ሙሉ የምንጭ ውሃ ይዞ መጣ።

«አባኮ፣ ትንሽ ይቆዩ» አለው ገመቹ። «የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ከፈሰሰበት ላዩ ይኮማተራል፣ ውስጡ ግን ገና እንደጋለ ነው። ይሰነጠቃል።»

«ሴቶቹ ቆመው እኮ ነው» አለና ደፋበት።

እንፋሎቱ ሲገለጥ ሞተሩ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ነበር።

«አልኩዎት እኮ» አለ ገመቹ፣ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢቀር ምን ነበረበት። በእኛ ቤት ግን ተኮራርፎ ማደር አልተለመደም። እናቴ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሽማግሌ ጠራች። ሽማግሌዎቹ ይቅርታ ጠይቅ ሲሉት ገመቹ እሺ ብሎ የአባቴን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። አባቴ ጉልበቱን ሰበሰበ። ንዴቱ ገና አልወጣለትም።

«ወፍጮዬን የሰበረ ልጄ አይደለም» አለ። ውሃውን የደፋው ራሱ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

በማግስቱ ገመቹ ወደ አሶሳ በሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፈረ። ከዚያ ወዲህ አላየነውም፤ ይኑር ይሙት አናውቅም።

የአባቴን ንዴት ለሚያውቅ ነገሩ ያንገበግባል፤ ውሎ አድሮ የሚበርድ ንዴት ነበር። ሳምንቱ ሳያልቅ መናኸሪያ እየሄደ ሾፌሮችን ሲጠይቅ ይውል ጀመር። እናቴ፣ «ምነው ትንሽ ብተዋቸው ኖሮ» እንዳለች አረፈች።

የተሰነጠቀውን ሞተር አባቴ ከደጃፉ አላነሳም። ቆራሌው በመጣ ቁጥር፣ «አይሸጥም። ባለሙያው ልጄ ሲመጣ ያየዋል» ይለዋል። አባቴም ካረፈ ቆየ። «ልጄ» ማለቱን እኔና ቆራሌው ሰማን፣ ገመቹ አልሰማም። የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ሾፌሩ ሞተሩ ሲበርድለት ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ፈታ፣ ውሃውን ቀስ እያለ ጨመረ፣ መኪናው ተነሳ።

«አያችሁ፣ መጠበቅ ብቻ ነበር» አለን።

እስከ ነቀምቴው ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ድረስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ሄድኩ።