አማች ያመጣው ወጠጤ

ዘይና ከሚሴ ዳር፣ ቦርከና ወንዝ አቅራቢያ ትኖራለች። ፍየሎቿን እያንዳንዳቸውን በስም ነው የምትጠራቸው፤ እነሱም ድምጿን ሲሰሙ እየሮጡ ይመጣሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከገበያ የገዛቻት አንዲት ፍየል እከክ ይዛ ገብታ በረቱን ልትጨርስባት ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ ፍየል ከነባሮቹ ጋር እንዲሁ አትቀላቅልም። ከጓሮ ራቅ ብላ በቀለሰቻት ጎጆ ለብቻው ታቆየዋለች፤ ተመርምሮ ጤነኛ ከሆነ ብቻ በረት ይገባል። ጎጆዋንም «ማቆያ» ትላታለች።

ዘንድሮ ልጇ ሰዒዳ እናቷ ቤት መጥታ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። የባሏ አባት ሙሳ የልጅ ልጁን ሊያይ ከባቲ ሲመጣ አንድ ግርማ ያለው ወጠጤ እየጎተተ ደረሰ።

«አካም ጅርቱ! ደኅና ናችሁ! እንኳን ማርያም…» ሊል ነበር መሰል፣ ምላሱን ነክሶ ሳቀ። «እንኳን አላህ ማረሽ ልጄ! ዘይና፣ ይሄ የሚታረድ አይደለም፤ ለፍየሎችሽ አውራ ይሁን።»

«ማሻአላህ!» አለች ዘይና። አመሰገነች፣ መረቀችው፤ ከዚያ ወጠጤውን ይዛ ቀጥ ብላ ወደ ማቆያው።

ሙሳ ፊቱ ተለዋወጠ። «ምን አጠፋ? ገና ከመምጣቱ ታስሪዋለሽ?»

«አንቱ፣ አይቀየሙኝ። ተመርምሮ ይግባ ብዬ ነው።»

«የባቲ ገበያ ሰው ሁሉ የጎመጀበትን ፍየል!»

ምሳ ሲቀርብ «ጠግቤያለሁ» አለ። ሰዒዳ ተሸማቀቀች፤ «እማ፣ ለዛሬ እንኳ ይግባላቸው» ብላ በሹክሹክታ ለመነቻት። ዘይናም ውስጧ ተረብሿል። ቢሆንም «ለሰው አፍሬ ፍየሎቼን አላስፈጅም» አለች።

ከሰዓት ዘይና ያስጠራቻት የእንስሳት ሐኪም ሪሀና መጣች። ወጠጤው ሲታይ ምንም የለበትም። እሷ ግን ከጆሮው ሥር ቆዳውን ቀስ አድርጋ ፋቀችና ፍቅፋቂውን ክሊኒክ ወስዳ ልትመረምረው ያዘች።

«እኔም እሄዳለሁ» አለ ሙሳ ኮስተር ብሎ። «ንጹሕነቱን በዓይኔ አያለሁ።»

ሦስቱም በባጃጅ ወደ ክሊኒኩ ሄዱ። ሪሀና በማይክሮስኮፑ ትንሽ አየችና ቦታዋን ለሙሳ ለቀቀችለት። ሙሳ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጎንበስ አለ።

«ያ ረቢ! ይሄ ነገር ይንቀሳቀሳል! እግር አለው እኮ!»

«የእከክ ተውሳክ ነው አባባ» አለች ሪሀና። «ገና ስለጀመረው ነው ላዩ ላይ ያልታየው። ከሌሎቹ ጋር ቢያድር ኖሮ ሁሉንም ይይዛቸው ነበር። በመርፌ ይድናል።»

ሙሳ ከማይክሮስኮፑ ቀና አለ። «እኔ ቤት ከፍየሎቼ ጋር ነው የከረመው» አለ።

ዘይና «አላልኩዎትም?» ማለት ትችል ነበር። «አልሐምዱሊላህ፣ በጊዜ ታወቀ። የአንቱም ይታከማሉ» ነው ያለችው።

ያን ዕለት እራት ላይ ሙሳ የምሳውንም ጨምሮ በላ። በማግስቱ ባቲ ተመልሶ ፍየሎቹን ሁሉ አሳከመ። ዘይናም ነባሮቹን አስቀድማ እየመገበች፣ ከወጠጤው ስትመለስ እጇን እየታጠበች ጠበቀች። መርፌው ተደገመለት፤ ዳግመኛ ሲመረመር ከእከኩ ነጻ ሆኖ ተገኘ።

በረቱ የተከፈተለት ቀን አንገቱን ቀስሮ ገባ። ከፍየሎቹ ሁሉ ትልቋ ግን ከላይ እስከ ታች አየችውና በቀንዷ ገጭታ አባረረችው። ሰዒዳ ሕፃኑን እንደታቀፈች በሳቅ ፈነዳች፤ ዘይናም ስልኳን አንስታ ለሙሳ ደወለች።

«አንቱ! ወጠጤዎ በረት ገባ፤ ግን ገና ከመግባቱ ተገፍቶ ጥግ ይዟል!»