ከሻምበል ጋር እስከ ዓባይ ገደል አፋፍ

ከደሴ የተነሳሁት ጠዋት ነው። የያዝኩት የወንድሜን ድንኳንና የወንድሜን ውሻ ነው።

ወንድሜ ይመር መንገድ ሥራ ላይ የቀያሽ ረዳት ነበር። ሥራው ሜዳ ያሳድረዋል፤ ውሻው ሻምበልም እግሩ ሥር ያድራል። ይመር በሕመም አረፈ። አርባው ከወጣ በኋላም ሻምበል መሸት ሲል ወደ መንገዱ ዞሮ በሩ ሥር እየተኛ እሱን መጠበቁን አልተወም። እናታችን ይህን ማየት አልቻለችም። «ካመጣበት መልሰው» አለችኝ።

ያመጣው ከአያ አራጌ ነው። አያ አራጌ ከመካነ ሰላም ወዲያ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ሻምበልን ቡችላ ሳለ ለይመር የሰጡት እሳቸው ናቸው። እዚያ ኔትወርክ አይደርስም፤ ሞቱን አልሰሙም። ስለዚህ የማደርሰው ሁለት ነገር ነበር፤ ውሻውና መርዶው። እንደ እኔ ውሻ አስከትሎ ሜዳ ማደር ለሚፈልግ የሚጠቅመውንም አብሬ እጽፋለሁ።

ማይባር ሐይቅ

ማይባር መንገዴ አይደለም። ግን ድንኳን ተክዬ አላውቅም ነበር፤ ከደሴ ስለማይርቅ መጀመሪያ እዚያ ልለማመድ ብዬ ሄድኩ። ሐይቁ በኮረብታዎች መሐል ያለ ትንሽ ሐይቅ ነው። ዳሩ ላይ ቄጠማ አለ፤ ሣሩ ለመኝታ ይመቻል። አንድ አጥር አጠገብ ደልዳላ ቦታ አገኘሁና ተከልኩ። ካስማው ሁለት ጊዜ ተነቀለብኝ፤ በሦስተኛው ያዘ።

የቤቱ ባለቤት መጡ። ሁሴን ይባላሉ። ዶማቸውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ ድንኳኑን ዞሩት።

«አሰላሙ አለይኩም። ማን ሞተብኝ?» አሉኝ።

«ምን አሉኝ ጋሼ?»

«ደጄ ላይ ድንኳን ተክለሃላ። በእኛ አገር ድንኳን ወይ ለሠርግ ነው ወይ ለለቅሶ። ሙሽራ ደግሞ አላይም።»

«ማደሪያዬ ነው።»

«ቤት እያለ? ሁሴን እንግዳ ሜዳ ላይ አሳደረ ልታስብለኝ ነው? ንቀል!»

ሻምበልን አሳየኋቸው። ብቻውን እንደማልተወውም ነገርኳቸው። ዶማቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «እሱስ ቤት አይገባም። እንግዲያ ሁለታችሁም እዚሁ እደሩ። ራቱ ግን የእኔ ነው፤ ወላሂ ሌላ አትበላም።»

ከራቱ ጋር የተሰበረ የሸክላ ድስት ይዘው መጡ። «ይህ የእሱ ነው። ሌላ ዕቃ ከላሰ ሰባት ጊዜ ነው የምናጥበው፤ አንዱን በአፈር። ባለቤቴ እንደሆነች ዕቃውን ትታ አንተን ነው በአፈር የምታጥብህ!»

እዚህ ሁለት ነገር አወቅሁ። መጀመሪያ ባለቤቱን ጠይቅ፣ ከዚያ ትከል። ለውሻህም የራሱን ዕቃ ያዝ። ሻምበል የራሱ ቆርቆሮ ሳህን ነበረው፤ ይመር የትም ይዞለት ይሄድ ነበር። እናቴ በቀብሩ ማግስት አንስታው ነበር። ስነሳ ብጠይቃት አልሰጠችኝም።

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም

በማግስቱ ወደ ደሴ ተመልሼ መናኸሪያ ገባሁና መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠየቅሁ። የአውቶቡሱ ረዳት ውሻውን ሲያይ ሳቀ።

«ስሙ ማነው?»

«ሻምበል።»

«ጄኔራልም ቢሆን እኔ መኪና ላይ አይወጣም!»

የወሰደን የጭነት አይሱዙ ነው። ሹፌሩ ሻምበልን እንደ አንድ ኩንታል ጭነት አስቦ አስከፈለኝ። በአውቶቡስ ከመለመን ይህ ይሻላል። ጉጉፍቱ ከፍታ ላይ ጉሙ መኪናውን ዋጠው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከዚያ በኋላ የገብስ ማሳና የጓሳ ሣር ነው። አንድ ቦታ ጭላዳ ዝንጀሮዎች መንገዱ ዳር ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ሻምበል ተንቀጠቀጠ፤ ገመዱን ባልይዘው ይዘል ነበር። ገመድ አትርሳ። አቀስታ ላይ ወርደን ሽሮ በላሁ፤ ሻምበልም ድርሻውን በላ። መካነ ሰላም ስንደርስ ውሻ የሚያስገባ አልጋ ቤት አላገኘሁም። ሹፌሩ መኪናው የሚያድርበት ግቢ ውስጥ ድንኳኔን እንድተክል ጥበቃውን ለመነልኝ።

ገደሉ አፋፍ

በማግስቱ በእግር ሄድን። እዚህ መሬቱ በድንገት ያልቃል። ማሳ፣ ማሳ፣ ከዚያ ባዶ። ታች ዓባይ እንደ ቡናማ ክር ይታያል፤ ሞቃት ነፋስ ከሥር ፊትህን ይመታል። እኔ መንገዱን አላውቀውም። ሻምበል ግን ያውቀዋል፤ ገመዱን ይዤ ተከተልኩት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው የደረስነው። አያ አራጌ አውድማ ላይ ነበሩ። ሻምበል ሮጦ ጉልበታቸውን በራሱ አሻሸ። ከዚያ ተመልሶ እግሬ ሥር ተቀመጠ። አያ አራጌ ውሻውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ከኋላዬ ያለውን መንገድም አዩ።

«የይመር ታናሽ ነህ። መልክህ ይናገራል።»

«አዎ፣ አያ።»

«እሱስ?»

መርዶ ሊመሽ ሲል አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ትልቅ ሰው ነው የሚናገረው። እኔ ደግሞ ብቻዬን ነኝ። ጠዋት ጎረቤት አስጠርቼ አስነግራለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት።

«ደህና ነው። ሥራ ያዘው» አልኩ።

«አብሽር» አሉኝ። «አብሽር።» አይዞህ ማለት ነው፤ ለምን እንዲህ እንዳሉኝ ግን አላሰብኩበትም። ድንኳን ልትከል ብዬ ጠየቅሁ። «ትከል። እሱም የሚተክለው እዚያ ነበር፤ ከወይራው ሥር።» ራት አቀረቡልኝ። ጥሩ በላሁ።

ጠዋት የድንኳኑን ዚፕ ስከፍት ሰዎች ፊት ለፊቴ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሻምበል በመሐላቸው ተኝቷል። አያ አራጌ ዓይናቸው ቀልቷል።

«በማታ መርዶ አይነገርም» አሉኝ። «አንተም አልነገርከኝ፣ እኔም አልጠየቅሁህ። ራትህን በልተህ እንድትተኛ ብዬ ነው።»

«እንዴት አወቁ?»

«ይህ ውሻ ይመር በሕይወት እያለ የሌላ ሰው እግር ሥር አይቀመጥም።»

አፈርኩ፤ ድንኳኑን ለመንቀል ጎንበስ አልኩ። እጄን ያዙኝ። «ተወው። ይመር እዚህ ብዙ አድሯል፤ እዚህ ግን አልተለቀሰለትም። ዛሬ የለቅሶ ድንኳኑ ይህ ነው።»

ደሴ ላይ በለቅሶው ወንበር ሳወርድ፣ ውሃ ሳቀርብ ነበር። የቤቱ ልጅ ስለሆንኩ ሰው ማስተናገድ ነበረብኝ። ያለቀስኩት እዚያ ወይራ ሥር ነው።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ የእናቴን ቃል ነገርኳቸው። አያ አራጌ ገመዱን ተቀበሉኝ። ድንኳኑን ነቅዬ ሻንጣዬን ተሸከምኩና መንገዱን ጀመርኩ። ሻምበል ይጮሃል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ዞር ስል ቆሞ ያየኛል፤ ጆሮው ቀጥ ብሏል። በሩ ሥር ይመርን ሲጠብቅ የማውቀው አስተያየት ነው። ቆምኩ። ወደፊት መሄድ አልቻልኩም።

አያ አራጌ ገመዱን ከአንገቱ ፈቱ። «የሰጠሁትን መልሼ አልቀበልም። ገመዱ እኔ ዘንድ ይቅር። ማሽላው ሲያፈራ ዝንጀሮ ያስቸግረኛል፤ ያኔ ይዘኸው ና። ያ ድንኳንም አብሮ ይምጣ።»

ሻምበል ያለ ገመድ ተከተለኝ።

ደሴ

ውሻ ይዞ መጓዝ ይቻላል። የራሱ ዕቃ፣ ገመድና የጭነት መኪና ከተገኘ ይበቃል። ይመር ለምን ሜዳ ማደር ይወድ እንደነበርም አሁን ገብቶኛል፤ ሜዳ ያደረ ሰው የሚያውቁት ብዙ ናቸው። ይመርን እያሰብን የቀረነው እናቴና እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ለእናቴ ምን እንደምላት መንገዱን ሙሉ ሳስብ መጣሁ። በሩ ላይ የደረስነው መሸት ሲል ነው። በሩ ተከፍቷል። ከሥሩ ቆርቆሮ ሳህኑ ተቀምጧል፤ ታጥቦ፣ ውሃ ተሞልቶ። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«ይዤው እንደምመጣ በምን አወቅሽ?» አልኳት።

«አላወቅሁም» አለች። «ጥለኸው እንዳትመጣ ፈርቼ ነው ያጠብኩት።»

ሻምበል ውሃውን ጠጣ። ከዚያ እንደ ልማዱ በሩ ሥር ተኛ፤ ፊቱን ግን ወደ ግቢው አዞረ።