ለተራራ የተቃኘው ክላች

የሟች ባሌ ታናሽ ወንድም በበረዶ ላይ የሚነዳውን አዲሱን የተራራ ማሽኑን፣ ስኖሞቢሉን፣ ይዞ የመጣው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ነው። ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ ወይም ለዕርቅ ነው፤ ለክላች ሲላክ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በምንኖርባት በክሪስታል ከተማ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ድምፅ የሌለው በረዶ ይወርድ ነበር። የጋራዡን በር ስከፍት ሦስቱም ነጭ ሆነው ቆመዋል። ለአፍታ ከደመና የወረዱ እንግዶች መሰሉኝ። ማሽኑም መሬት ሳይነካ የተንሳፈፈ ይመስል ነበር።

ሽማግሌዎቹ ከባሌ ሞት ወዲህ ከእርሱ ጋር አለመነጋገሬን አንስተው ብዙ መከሩኝ። ክላቹን በዚያው እንዳስተካክልለትም ለመኑኝ። ግቡ አላልኳቸውም። ያኔ ያደረገውን በእናንተ ፊት ይናገር፣ ከዚያ እሠራለሁ አልኳቸው።

ባሌ በሕይወት ሳለ እኔና ወንድሙ አጠገባችን ባለችው ከተማ በፕሊማውዝ አንድ ትንሽ የስኖሞቢል ጥገና ቤት ተቀጥረን እንሠራ ነበር። የሞተሩን ጉልበት ወደ መሄጃው የሚያስተላልፈውን ክላች የምቃኘው እኔ ነበርኩ። ሞላውንና በውስጡ ያሉትን ትናንሽ የብረት ክብደቶች እየቀያየርኩ፣ ሞተሩ ልኩን እስኪያገኝ በጆሮዬ እከተለዋለሁ። እንግሊዝኛዬ ግን ገና ነበር። አለቃችን ክላቹን የሚሠራው ማን እንደሆነ በጠየቀ ቀን አስተርጓሚዬ እርሱ ነበር። እኔ ነኝ፣ እሷ የሞተር ዕቃ ታጥባለች ብሎ መለሰ። በማግስቱ ዋና መካኒክ ሆነ፤ እኔም የእውነት ወደ ዕቃ ማጠቢያው ወረድኩ። ምን እንዳለ ያወቅሁት ቋንቋው ሲገባኝ፣ ከአለቃው ከራሱ አፍ ነው። ባሌም «ወንድሜ ነው፣ ተይው» አለኝ። ዝም ስል የተውኩት መስሎት ሞተ።

ወንድሙ ግን ያን ቀን ያልኩትን በመናገር ፈንታ ማሽኑን አስነሳ። ሞተሩ ሰፈሩ እስኪናወጥ ጮኸ፤ ጓሮውን ግን እንደ ሽማግሌ እየተጎተተ ነው ያቋረጠው።

«እትዬ፣ ጉልበቱ እኮ ይህ ነው» አለኝ። «አይሄድም እንጂ።»

ጩኸትን ከጉልበት የማይለይ ሰው ነው ያን ሁሉ ዓመት ዋና መካኒክ የተባለው። የተራራ ማሽን ከፋብሪካ ሲወጣ የሚታሰብለት ስስ አየር ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ ሞተሩ ስለሚደክም የክላቹ ክብደቶች ቀላል ናቸው። እዚህ ሜዳ ላይ ሞተሩ ይበረታል፣ ቀላሎቹ ሊይዙት አይችሉም፣ በከንቱ ይጮኻል።

አልሠራም ብዬ ነበር፤ እጄ ቀደመኝ። ሞተሩን አስጠፍቼ ክዳኑን አነሳሁ፣ ቺንጋውን አወጣሁ፣ ሻጩ ከማሽኑ ጋር ከሰጠው የክብደቶች ሳጥን ከበድ ያሉትን መርጬ ገጠምኩ። የአዲስ ጎማ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። አንድ ጊዜ ባሌ ከኋላዬ ያሳለ መሰለኝ፤ ዞር አላልኩም።

ዳግመኛ ሲነሳ ድምፁ ወረደ፣ ወፈረ፣ እንደሚያንጎራጉር ሰው ሆነ። ጓሮውን በአንድ ትንፋሽ ዞሮት መጣ። ሞተሩን ሳያጠፋ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«አንቺ ነበርሽ፣ እትዬ። ዋሽቻለሁ።»

ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ቆመው በረዶ ያራግፋሉ፤ አልሰሙም። ሞተሩን አጠፋሁት።

«አሁን ድገመው» አልኩት።

ዞር ብሎ ሽማግሌዎቹን አየ። ከዚያ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ደገመው፤ አንድም ቃል አላስቀረም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያ በሉ ተሳሳሙ አሉን።

እጄ ግራሶ ነው አልኳቸው፤ የጋራዡንም በር ቀስ ብዬ ዘጋሁባቸው።