ከወይኑ ሥዕል ጀርባ

ጅግጅጋ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ወረፋ እየጠበቅኩ ነው። ፊት ለፊቴ የአበባና የፍራፍሬ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ወይን፣ ብርቱካን፣ መርገፍ የጀመረ ጽጌረዳ። ወደ አንድ ጎን ተንጋዷል።

ልጅ ሳለሁ አንድ ክረምት፣ ዱላ የያዙ ወጣቶች ቤት ለቤት እየዞሩ ክርስቲያን ይፈልጉ ነበር። የሚቃጠል ጎማ ጭስ ጉሮሯችንን ይከረክር ነበር። ሶማሌዋ ጎረቤታችን፣ በሶማልኛ ኤዶ (አክስት) የምላቸው ሃሊማ፣ ከእንግዳ ክፍላቸው ያወረዱትን እንዲህ ያለ ሥዕል ታቅፈው እኛ ቤት ገቡ። እነሱ ቤት የሰው ምስል አይሰቀልም፤ ፍራፍሬ ያየ ሁሉ የሙስሊም ቤት ነው ብሎ ያልፋል። እናቴ የማርያምን ሥዕል ልታወርድ ስትል እጇን ያዟት።

«ተያት። ያለችበት ትሁን፤ እኔ እሸፍናታለሁ» አሉና እዚያው ምስማር ላይ የራሳቸውን ደርበው ሰቀሉ። ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ ደግሞ ወደ ግድግዳው እንዳታዪ። ዓይንሽ ያሳብቅብናል።»

በሩ ተደበደበ። ኤዶ ከፍተው በሶማልኛ «የእህቴ ቤት ነው» ቢሉም አንድ ወጣት ገፍቷቸው ገባ።

አለማየት አቃተኝ። የወይኑ ሥዕል ተንጋዶ በጎኑ የማርያም ሰማያዊ መጎናጸፊያ ብቅ ብሏል። ወጣቱ ዓይኔን ተከትሎ አየ። ቆየ። ከዚያ ጠጋ ብሎ ሥዕሉን በጣቱ አቃናውና ወጣ።

አይቷት ይሁን፣ የተንጋደደ ነገር የማይወድ ሰው ሆኖ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ነርሷ ስሜን ጠራች። በሥዕሉ ሥር ሳልፍ ላቃናው እጄን አነሳሁና መለስኩት። ከጀርባው ማን እንዳለ ሳላውቅ አልነካውም።