የእናቴ ስለትና የተይታ ሚልክሼክ

ስደት የወጣ ሰው ታሪኩን ሲያወራ ከሌሊት ነው የሚጀምረው፤ ጨለማ፣ ደላላ፣ ሸራ የለበሰ መኪና። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በከተማችን በአምበር የገበያ ቀን ነው። አገሩ ሁሉ ጤፉንና ዶሮውን ይዞ ወደ ገበያ ሲገባ እኔ አንዲት ቦርሳ አንጠልጥዬ፣ በሰው መሀል እየተጋፋሁ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። «ባንቺ፣ ወዴት ነው ጀርባሽን ለገበያ ሰጥተሽ?» የሚለኝ በዛ። «አክስቴን ጠይቄ እመለሳለሁ» እላለሁ። እናቴ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። አላለቀሰችም። ነጠላዬን አስተካክላልኝ «ሁለት ዓመት ምን አላት» አለችኝ። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ።

ከወር በኋላ ታናሽ እህቴ ይታይሽ ደውላ ነገረችኝ። እናቴ መርጡለ ማርያም ድረስ ሄዳ ተስላ ኖሯል። ሰው ጥላ ይሳላል፣ መጋረጃ ይሳላል፣ የሞላለት ወይፈን ይሳላል። እናቴ ግን «ልጄ የአገሯን አፈር እስክትረግጥ ድረስ ወተት ከአፌ አይገባም» ብላ ተሳለች። እናቴን የማያውቅ ይህን ቀላል ይለዋል። ጾም ሲፈታ ሌላው ሰው ወደ ሥጋው ሲያይ እሷ ወደ ወተቱ ነው የምታየው። እኔን ግን ያኔ አልከበደኝም፤ እንዲያውም ሳቅሁ። «እኔ ሄድኩ እንጂ ላሟ ሄደች እንዴ?» አልኳት ይታይሽን። ሁለት ዓመት ቶሎ ያልቃል ብዬ ነበር።

ቤሩት የገባሁት በእነሱ ክረምት ነው። የእኛ ዝናብ ጨዋ ነው፣ ከላይ ይመጣል፤ የእነሱ ከባሕር ተነሥቶ በጎን ይገባል፣ ጃንጥላ አይመክተውም። ሰው ፊትሽ ቆሞ ይበላል፤ «እንብላ» የሚባል ነገር የለም። በመጀመሪያው ሳምንት ሲበሉ ባየሁ ቁጥር «ብሉ፣ ጠግቤያለሁ» ልል አፌን እከፍትና ማንም እንዳልጠራኝ ትዝ ይለኛል። ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ማለት ይኸው ነው ብዬ ቻልኩት።

የመጀመሪያ አሠሪዎቼ ባልና ሚስት ነበሩ። ፓስፖርቴን በደረስኩበት ቀን ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። አራት ዓመት ሠራሁላቸው። ከዚያ አገራቸው ሲከፋ ሻንጣቸውን ሸክፈው ካናዳ ገቡ። እኔን ለጎረቤታቸው አሳለፉኝ፣ ፓስፖርቴን ግን የት እንዳደረሱት እስከ ዛሬ አላውቅም። ጎረቤቷን መዳም እላታለሁ፤ አሁንም ያለሁት እሷ ቤት ነው። «ወረቀትሽን አስተካክልልሻለሁ» ስትለኝ አምስት ዓመት ሆናት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ሥራዬ የመዳምን እናት መጠበቅ ነው። ሁላችንም ተይታ እንላታለን፤ በቋንቋቸው አያቴ ማለት ነው። ግማሽ አካሏ አይሠራም፤ ምላሷ ግን ለስድብ ሲሆን ደህና አድርጎ ይሠራል። ውሃ የመሰለ ነገር ሁሉ ትን ይላታል። ሾርባ ስሰጣት ትተፋብኛለች፣ ፍራፍሬ ስፈጭላት ፊቷን ታዞራለች። የምትወደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቸኮላት። ስለዚህ መዳም ማደባለቂያ ማሽን ገዝታ መጣችና «ወፍራም የቸኮላት ሚልክሼክ ሥሪላት» አለችኝ።

እኔ ምን አውቄ! ሚልክሼክ ማለት አይስክሬም ከወተት ጋር መምታት ነው ብዬ፣ አይስክሬሙን ጨምሬ፣ በረዶውን ጨምሬ፣ ማንኪያ የሚያቆም ነገር ሠራሁ። ደስ ብሎኝ አጎረስኳት። አፏ ውስጥ ገብቶ ሲቀልጥ ለካስ ውሃ ሆኖ ነው የሚወርደው። አነቃት። ፊቷ ሲጠቁር፣ መዳም «እናቴን ገደልሽ!» ብላ ስትጮህ፣ እኔ ጀርባዋን እየመታሁ ማርያም ማርያም ስል፣ የጎረቤት ነርስ ደርሳ አተረፈቻት። ነርሷ ናት ያስተማረችኝ። አይስክሬም የለ፣ በረዶ የለ። የኮኮዋ ዱቄቱን በጥቂት ወተትና በበቆሎ ስታርች ገንፎ እስኪመስል ታበስያለሽ፤ ታቀዘቅዢዋለሽ። ከዚያ በጣም የበሰለ ሙዝ፣ ወፍራም እርጎና የቀረውን ወተት ጨምረሽ ትመቺዋለሽ። ማንኪያውን ስትገለብጪው ተንጠልጥሎ ቆይቶ በአንድነት «ጠብ» ካለ ደርሷል፤ ከተንጠባጠበ እንደገና። ይህን እየሠራሁ አምስት ዓመት ሞላኝ። ተይታ አንድ ብርጭቆ ጨርሳ አፏን ስጠርግላት ዘወር ብላ «ያ ባንቺ» ትለኛለች፤ አንቺ ባንቺ እንደ ማለት ነው። ከስድብ የቀረላት ደግ ቃል ይህ ብቻ ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት ይታይሽ ስታለቅስ ደወለች። እናቴ ከበረት ስትመለስ ወድቃለች። ቀኝ እጇና እግሯ ከዳት፤ አፏ ተጣመመ። ማርቆስ ሆስፒታል ተኝታ ቆይታ ቤቷ ተመልሳለች፤ ግን ውሃ ትን ይላታል፣ አጥሚቱንም ሁለት ማንኪያ ወስዳ ፊቷን ታዞራለች።

«ሐኪሙ ምን አለ?» አልኳት።

«ወፈር ያለ፣ ወተትነት ያለው፣ ጉልበት የሚሰጥ ነገር ስጧት አለ። አለዚያ አትቆይም አለኝ፣ ባንቺ።»

ይቅርታ አድርጉልኝና ደስ አለኝ። ሳቅሁም። በዓለም ላይ ስንት ሙያ አለ፤ እግዚአብሔር እኔን ይቺን አንዷን ያስተማረኝ ለካስ ለዚህ ነው አልኩ። «ይታይሽ፣ አታልቅሽ፤ ይህንንማ የማውቀው እኔ ነኝ» ብዬ በስልክ ማስተማር ጀመርኩ። ኮኮዋው ከማርቆስ ተገዛ። ስታርች የለም፤ በሶ አለ፣ በሶ ጥሩ አድርጎ ያወፍራል። ማሽን የለም፣ ቢኖርም መብራቱ የለም፤ «ቅል አለ አይደል?» አልኳት፤ «በደንብ አጥበሽ ሙዙን ፈጭተሽ ጨምሪና ናጭው።» ናጠችው። ማንኪያውን ስትገለብጠው ቆይቶ «ጠብ» አለ። «ወይራ ወይራ የሚል ቸኮላት ሆነ» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወደ እናቴ አልጋ ይዛ ስትሄድ በስልኩ ሰማሁ።

«ወተት አለበት?» አለች እናቴ። ቃሉ ተጎትቶ ነው የሚወጣው።

«አለበት» አለች ይታይሽ። መዋሸት አትችልም፣ ከልጅነቷም።

እናቴ አፏን ገጠመች። አንድ ሳምንት ከዚያች ሁለት ማንኪያ አጥሚት በቀር ምንም ሳትቀምስ ሰነበተች። በጋብቻዋ ቀን ያደረገችው ቀለበት ከጣቷ ወልቆ ከአልጋው ሥር ተገኘ ብላ ይታይሽ ነገረችኝ።

የነፍስ አባታችን አባ አንሙት ዘንድ ደወልኩ። «አባ፣ እባክዎ ከስለቷ ይፍቱልኝ» አልኳቸው።

«ፈታኋት እኮ ልጀ» አሉኝ። «ሦስት ጊዜ ሄድሁ። ከጾሙም ፈታኋት፣ ከስለቱም ፈታኋት። ‹እርስዎስ ፈቱኝ፤ እኔ ቃሌን ካጠፍሁ ልጀን ማን ይመልስልኛል?› አለችኝ። ምን ልበላት? ጎትቼ አላጠጣት።»

እናቴ እየሞተች ያለችው በእኔ ምክንያት ነው። እኔ ብገባ ትጠጣለች፤ ካልገባሁ አትጠጣም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ስለዚህ ልገባ ተነሣሁ። መዳም አንድ ጠዋት ፈቀደችልኝና የመውጫ ወረቀት ወደሚሰጡበት የመንግሥታቸው ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ቀና ሳይል «ፓስፖርት» አለኝ።

«የድሮ አሠሪዬ ጋ ቀረ።»

«አሠሪሽን ይዘሽ ነይ።»

«ካናዳ ገብቷል።»

አሁን ቀና አለ። «በሕጋዊ ወረቀት?»

«በወረቀት።»

«እንዴት አገኘው?» አለኝ። የምሩን ነው፤ ለራሱ ፈልጎ ነው። እንደማላውቅ ስነግረው ቅር እያለው ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰ። «በዚህ መዝገብ አንቺ እዚህ አገር የለሽም። የሌለ ሰው መውጫ ፈቃድ አይሰጠውም።»

«የሌለሁ ከሆንኩ ዝም ብዬ ብወጣ ማን ያየኛል?»

ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። «አውሮፕላን ላይ የሚቀመጠው ያለ ሰው ነው» አለኝ። «ከሁለት ወር በኋላ ብቅ በይ።» እናቴ ሁለት ሳምንት አልነበራትም። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተይታን የማበላበት ሰዓት ደርሶ ተነሣሁ።

የዚያን ቀን ኮኮዋውን እያማሰልኩ አሰብኩበት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። የስለቷን ቃል ደጋግሜ በአፌ አልኩት፤ «የአገሯን አፈር እስክትረግጥ» ነው ያለችው። ቤቴ እስክትገባ አላለችም። ይታይሽን አስቀድሜ ነገርኳት። «እኔ አልናገርም፤ አንች ተናገሪው» አለችኝ። ስልኩን ከእናቴ ጆሮ ላይ አደረገችው።

«እማዬ፣ አዲስ አበባ ገባሁ።»

እናቴ እልል ልትል ሞከረች። አፏ እምቢ አላት፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ደግማ ሞከረች። እኔ መዳም እንዳትሰማኝ ፎጣ ነክሼ ነበር። ከዚያ «በይ አምጭው» ስትላት ሰማሁ። የማንኪያው ድምፅ ተሰማኝ፤ እስትንፋሴን ይዤ ጠበቅሁ፤ ዋጠችው። አላነቃትም። ዘጠኝ ዓመት ወተት ያልነካ አፍ ግማሽ ዋንጫ ጨረሰ። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።

«መቼ ነው የምትመጭ?» አለችኝ።

«መንገዱ ተዘግቷል እማዬ።»

ከነገርኳት ሁሉ እውነቱ ይህ ብቻ ነበር። በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ ወደ እኛ የሚያመጣው መንገድ ተዘግቶ መኪና አያልፍም። እናም በየቀኑ እደውላለሁ፤ «መንገዱስ?» ትለኛለች፤ «ገና ነው» እላለሁ፤ ትጠጣለች። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። ትራስ ተደግፋ መቀመጥ ጀመረች። ቃሏ እየጠራ መጣ። ጎረቤት እየጠራች «ባንቺ አዲስ አበባ ናት፤ መንገድ ነው የያዛት» ትላለች አሉኝ።

አሁን የምጽፈውን ስታነቡ አትፍረዱብኝ፣ ወይም ፍረዱብኝ፣ ልክ ናችሁ። አምበር ላይ ሰው ሁሉ መንገድ እንዲከፈት ይጸልያል። ሕመምተኛ ያለበት አለ፣ ዕቃው መንገድ ላይ የቀረበት ነጋዴ አለ፣ ልጁን ለትምህርት የሚልክ አለ። እኔ ብቻ፣ ቤሩት ላይ፣ በተይታ ኩሽና ቆሜ «ጌታዬ፣ አንድ ሳምንት ጨምርልኝ» እላለሁ። እንዲህ ያለ ጸሎት ጸልዬ አላውቅም፤ በራሴ አፍራለሁ፤ በማግስቱ ግን እደግመዋለሁ። መዳምን ስለ ወረቀቴ ጨቀጨቅኋት፤ ጠበቃ አናግራለሁ አለች። ከሁለት ወር በኋላ ወደዚያ መስኮት ስመለስ ሰውዬው የለም፤ ሌላ ሰው ተቀምጦ «ከሁለት ወር በኋላ ብቅ በይ» አለኝ። እናቴ ማንበብ አትችልም። ይህን የምታነቡ የአምበር ሰዎች፣ እባካችሁ አታንብቡላት።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ቀትር ላይ፣ የተይታን ሙዝ ስልጥ ይታይሽ ደወለች። ከዚያ ወዲህ የምደውለው እኔ ስለሆንኩ ቢላዋውን ጥዬ አነሣሁት።

«ሞተች?» አልኳት።

«ኧረ ደህና ናት» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ባንቺ፣ መኪና ገባ። ከአዲስ አበባ። መንገዱ ተከፈተ። ሰው እያነባ ሲወርድ ከደጃችን ታየ፤ እማዬም አየች» አለችኝ። ከኋላ እናቴ «አምጭው ስልኩን» ስትል ሰማሁ።

«ልጀ፣ መንገዱ ተከፈተ።»

«ሰማሁ፣ እማዬ።»

«በመጀመሪያው መኪና አትጋፊ። ለታመሙት ተይላቸው። በሁለተኛው ትመጫለሽ።»

«እሽ።»

«ዛሬ አልጠጣሁም» አለችኝ። ድምፅዋ ደስ ብሎታል፤ እንደ ድሮው ነው፣ ምንም አልተጎተተም። «ይታይሽ ናጠችልኝ፤ ተይው አልኋት። ነገም ተይው አልኋት። አንች ስትገቢ ከእጅሽ እጠጣዋለሁ።»

«እማዬ፣ ጠጪ እንጂ፤ መንገዱ እኮ ሩቅ ነው።»

«ምን ሩቅ አለው? የአንድ ቀን መንገድ ነው። ዘጠኝ ዓመት የቆየሁት፣ አንድ ቀን ያቅተኛል?»

እውነቱን እነግራታለሁ አልኩ። አፌን ከፈትኩ። ከወዲያኛው ክፍል ተይታ እየጠራችኝ ነው፤ እናቴ ስልኩ ላይ ትተነፍሳለች።

«በይ ስልኩ እንዳያልቅብሽ» አለችኝ እናቴ። «አባይን ተሻግረሽ ደጀን ስትደርሽ ደውይልኝ።»

«እሽ እማዬ» አልኳት። «ደጀን ስደርስ እደውላለሁ።»